ዝቅ ያለው ቧንቧ

ጀሊላ ወረታ ተወልዳ ወረታ ያደገች የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍልን እንደጨረሰች ለባሕር ዳሩ ሰላሁዲን ተዳረች። ሰላሁዲን በጀልባ ጎርጎራ እየተሻገረ፣ ከዚያ ቆላ ድባ ገበያ ወጥቶ ነጭ ሽንኩርትና አብሽ እየገዛ የሚያመጣ ነጋዴ ነበር። ሐይቁን ከመውደዱ የተነሣ ትርፍ ባያገኝ እንኳ መሻገሩን አይተውም ይሉታል። ዘመዶቿ፣ የተማረችን ልጅ ለሽንኩርት ነጋዴ ሰጧት እያሉ አሙ። እሷ ግን የባሏን ጠባይ ገና በመጀመሪያው ወር አውቃው ወደደችው። የጀመረውን ሳይጨርስ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ያልጀመረውን ደግሞ አውርቶ አይጠግብም።

አውርቶ ከማይጠግባቸው ነገሮች አንዱ ቧንቧ ነበር።

"ይኸ ግድግዳ ላይ ነው የማስገጥመው" ይላታል፣ ከመኝታቸው በስተጀርባ፣ ወደ ጓሮው በሚያየው የጭቃ ግድግዳ ላይ መዳፉን አሳርፎ። "ሐይቁን የሚያህል ውሃ እዚያ ተኝቶ እኛ ለአንድ ጀሪካን ስንሰለፍ ማን ያየናል? ወደ ጓሮ ብቅ ስትዪ ውሃ። ለጎመንሽ ውሃ፣ ለቃሪያሽ ውሃ።"

"እስከዚያስ?"

"እስከዚያማ ቦኖ ሰልፍ ላይ ነሻ።"

በግሽ አባይ ሰፈር የቀበሌው ቦኖ አንድ ነበር። ሴቱ ሁሉ ጀሪካኑን በገመድ አስሮ፣ አንዳንዷም ጀሪካኗን ለሌላ ሥራ ፈልጋው በምትኩ ድንጋይ አሰልፋ ትጠብቃለች። ድንጋዩን ማን ገፋው፣ የማን ድንጋይ ቀደመ በሚል ነገር ይነሣል፣ ውሃው ሲመጣ ጠቡ ይረሳል፣ ውሃው ሲሄድ ደግሞ ካቆመበት ይቀጥላል። ጀሊላ ከወረታ ስትመጣ ዓይን አፋር ነበረች፤ አንደበቷን የሳለላት ያ ሰልፍ ነው።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ቀበሌው ሰላሁዲንን ለብሔራዊ ውትድርና ጠራው። የሚሄድበት ቀን በቀረበ ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጀሊላ ከቦኖ ጀሪካኗን አዝላ ስትመለስ ጓሮ አገኘችው። ግድግዳው ሥር አንዲት በርጩማ ተቀምጣለች። እሱ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ በከሰል ግድግዳው ላይ መስመር ያሰምራል።

"ምንድን ነው የምትሞነጫጭረው?" አለችው።

"ቧንቧው እዚህ ላይ ነው። የከተማው መስመር ወደ እኛ መንገድ ሲገባ ሌላ ቦታ እንዳታስገጥሚ።"

መስመሩን አየችው። ከጉልበቷ በታች ነው። "ምነው እንዲህ መሬት ለመሬት?"

"ለውዱእ፣ ቁጭ ብሎ ለመታጠብ" አለና እጁን በሱሪው ላይ ጠረገ። ጀሪካኑን ከጀርባዋ ሲያወርድላት የከሰሉ ጥቁር ነጠላዋን ነካው። ተቆጣችው። ያንን ቁጣዋን በኋላ ብዙ ጊዜ አስታወሰችው፤ ስለ ነጠላ።

ሲሄድ ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጅቱ ስትወለድ ስሟን ዘይነት ያሏት አብረዋት የሚኖሩት አማቷ ወይዘሮ መሪየም ናቸው። ከሰላሁዲን አንድ ጊዜ ብቻ ሰላምታ መጣ። ከከረን የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ገበያ መሐል ስሟን እየጠየቀ ፈልጎ አገኛትና፣ "ደህና ነኝ ብሎሻል፤ ልጁ ወንድ ነው ሴት ብሎሻል" አላት። "ሴት ናት በለው፣ ዘይነት በለው" አለችው። ሾፌሩ መልሶ ይንገረው አይንገረው አላወቀችም። ከዚያ በኋላ ዝም ሆነ። የሞተም እንደሆን የሚነግር የለም፤ የተማረከም እንደሆን የሚነግር የለም። አብረውት ከሄዱት የሰፈር ልጆች አንዱ እግሩን ቆስሎ ተመልሶ ነበር። ሄዳ ብትጠይቀው፣ "እኔና እሱን ለያዩን" አለና ወደ መሬት አየ።

ጀሊላ ቁጭ ብላ የምታለቅስ ሴት አልሆነችም። ጓሮዋን ቆፍራ ጎመንና ቃሪያ ተከለች። ጠዋት ልጇን አዝላ ገበያ ትቀመጣለች፣ ከሰዓት ቦኖ ትሰለፋለች፣ ሲመሽ ያመጣችውን ውሃ ከማሰሮ ተርፎ እንደሆነ ለቃሪያው ታካፍላለች። በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ ግድግዳው ሲሰነጣጠቅ ጭድና ጭቃ አቡክታ ትመርገዋለች። ከሰሉ የተሰመረበት ላይ ስትደርስ ግን ዙሪያውን ትዞረዋለች። የሳህን አፍ የምታህል ቦታ ሳትመረግ ትቀራለች።

ጎረቤቷ ወለተ ኪዳን በአጥሩ በኩል አንገቷን አስግጋ፣ "ግድግዳሽን ፈንጣጣ ወጣበት ወይ?" ትላታለች።

"ያንቺን ፊት አይቶ ነው" ትላታለች ጀሊላ፣ እጇን ከጭቃው ሳታወጣ።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት በጋ የውሃው መስመር መንገዳቸውን ይዞ ገባ። ጀሊላ ማንንም ሳታማክር ሄዳ ተመዘገበች፤ ቆጣሪውም ተተከለላት። በዚያው ሰሞን አባቷ ከወረታ ሰው ላኩባት። "ልጄ፣ ዕድሜሽ ገና ነው። ሕፃኗን ይዘሽ ቤትሽ ግቢ" የሚል ነበር መልእክቱ። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አልጠፋትም። ቤት መግባት ማለት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽማግሌ መምጣት ማለት ነው፤ ሽማግሌ መምጣት ማለት ደግሞ ሰላሁዲን ሞቷል ማለት ነው። ለመልእክተኛው፣ "ቧንቧ እያስገባሁ ነው፤ ሲያልቅ መልስ እልካለሁ" ብላ ሸኘችው።

ቧንቧውን ሊገጥም የመጣው አንዳርጋቸው የሚባል ሰው ነው። ቀን መንግሥት ቤት ይሠራል፣ ቅዳሜ ደግሞ በግሉ። ሆዱ ገፋ ያለ፣ ሲሠራ የሚያንጎራጉር፣ መሣሪያውን በስልቻ የሚይዝ ሰው። ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ጀርባ ያለውን ቦይ ጀሊላ ራሷ ቆፍራ ጠበቀችው። ቦዩን አይቶ፣ "ይኼን የቆፈረው ባልሽ ነው?" አላት።

"ባሌ ሰሜን ነው። እኔ ነኝ።"

"እንዲያ ከሆነ ቀበሌው አንቺን ባለመውሰዱ ተሳስቷል" አለና ብረቱን እየለካ መቁረጥ ጀመረ።

ቱቦው በቦዩ ተጋድሞ ግድግዳው ሥር ሲደርስ ቀና አለ። "በይ፣ የት ላይ ይሁን?"

ጀሊላ ያልተመረገችውን ቦታ አሳየችው። አንዳርጋቸው ዝቅ ብሎ አየ፣ ከዚያ እሷን አየ፣ ከዚያ ባዶ ጀሪካን አንሥቶ ከምልክቱ ሥር አቆመው። የጀሪካኑ አፍ ከምልክቱ በላይ ሆነ።

"አየሽ?" አላት። "ውሃው የሚወርደው ጀሪካንሽ ሆድ ላይ ነው። ለጫጩት ማጠጫ ካልሆነ በቀር ይኼ ከፍታ አይሆንም።"

"ለውዱእ ተብሎ ነው። በጣሳ እየቀዳሁ እሞላዋለሁ።"

"ዕድሜሽን ሙሉ በጣሳ? ቦኖው አይሻልሽም?"

"የውሃ ጎማ ቢሰካበትስ?"

"ጎማውን ካገኘሽ ለእኔም ግዢልኝ። የኅብረት ሱቁ እንደሆነ ጨውም ሲገኝ ሰልፍ ነው።" ብረቱን ጉልበቱ ላይ አጋደመው። "እህት ጀሊላ፣ እኔ የምመክርሽ እስከ ወገብሽ ከፍ ይበል። ባልዲ ብትይ ባልዲ፣ ጀሪካን ብትይ ጀሪካን ይገባል። ውዱእ እንደሆነ በማንቆርቆሪያ ይደረጋል፤ ሲደረግ ኖሯል።"

"ባለቤቱ ነው እዚህ ላይ ይሁን ያለው። ሲመጣ እንዲህ አላልሁም ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ?"

ወይዘሮ መሪየም ይህን ሁሉ ጊዜ የጓሮውን በር ተደግፈው ቆመው ነበር። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መቆም ሲያበዙ አንዱን እግር ያሳርፋሉ። ዘይነት ቀሚሳቸውን ይዛለች።

"ከፍ አድርገው" አሉ ለአንዳርጋቸው።

ጀሊላ ዞር ብላ አየቻቸው። እናት ናቸው። እናት እንዲህ ካሉ ሌላው ምን ሊል ነው? ያንን ግድግዳ ስትመርግ ያዩዋታል፤ አንድ ቀን እንኳ "ይኼን ለምን ትተዪዋለሽ" ብለዋት አያውቁም። ስለዚህ ምልክቱን በመጠበቅ አብረዋት ያሉ መስሏት ነበር። ለካ ተስፋ የቆረጡት ቀድመው ነው፤ እሷ ናት ያላወቀችው።

"እማ፣ ልጅዎ ያሰመረው ነው" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ከፍ ይበል ማለት ምን ማለት እንደሆነስ ያውቃሉ?"

አንዳርጋቸው ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ዳኛ አይደለሁም" አለና ስልቻውን አንሥቶ ወደ ቆጣሪው ሄደ። "እዚያ የቱቦው ጥርስ ላይ ቃጫዬን እየጠመጠምሁ እቆያለሁ። ስትስማሙ ጥሩኝ።"

ወይዘሮ መሪየም ግድግዳውን እየተደገፉ መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ለመቀመጥ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ጀሊላ እንደ ሌላው ቀን ክንዳቸውን አልያዘችላቸውም።

"ይኼን ያሰመረ ቀን አንቺ ቦኖ ነበርሽ" አሉ። "በርጩማዋን ያወጣት ለእኔ ነው። 'እማ፣ ተቀመጭ' አለኝ። ተቀመጥሁ። 'ውዱእ እንደምታደርጊ ሆነሽ እጅሽን ዘርጊ' አለኝ። ዘረጋሁ። እጄ የደረሰበት ላይ ነው ያሰመረው። ጉልበቴ ያኔም እንዲህ ነበር፤ ቆሜ እግሬን ማንሣት ትቼ ነበር። አንቺ ከመምጣትሽ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው ተነሥቼ የገባሁ።"

ጀሊላ ምልክቱን አየች። ቁጢጥ ብሎ ያየችው ሰው ታወሳት፤ በርጩማዋም አጠገቡ ባዶዋን። እሱ ተቀምጦባት የተነሣ መስሏት ነበር። ሁለት ክረምት ሙሉ በሐሳቧ እዚያች ባዶ በርጩማ ላይ ስታስቀምጠው ኖራለች። እጅጌውን ሰብስቦ፣ እግሩን ወደ ውሃው ዘርግቶ፣ ከፀጉሩ ጠብታ እየወረደ ዞር ብሎ ሲያያት።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ምን ብዬ? ዙሪያውን እየዞርሽ ስትመርጊ አየሁሽ። በላዩ የምትኖሪበት ነገር መሆኑ ገባኝ። ያንን እንዴት አድርጌ ከሥርሽ ልሳበው?"

"ታዲያ ለእርስዎ ከተለካ፣ ምነው ዛሬ ከፍ ይበል አሉ?"

"የሚቀዳው ማን ነው?" አሉ ወይዘሮ መሪየም። "እኔ ነኝ ጀሪካን የማነሣ? ለእኔ ጉልበት ተብሎ ያንቺ ወገብ ይሰበር? እኔ ዛሬ አለሁ ነገ የለሁም። አባትሽ እንደላኩብሽም ሰምቻለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ብትሄጂ አልቀየምሽም። ብትቀሪም ለእኔ ተብሎ በተለካ ነገር ታስረሽ እንድትቀሪ አልፈልግም።"

ጀሊላን የቆረጣት ሌላ ነገር ነው። በዓመቱ እመለሳለሁ የሚል ሰው የእናቱን እጅ ይለካል? "ስመለስ እናየዋለን" ይላል እንጂ። ሰላሁዲን ያን ቀን ፈገግ እያለ፣ ስለ ነጠላ ሲቆጡት እየሳቀ፣ ከእሱ በኋላ እዚህ ጓሮ ማን እንደሚቀር እያሰበ ነበር። እሷ ቃል የገባላት ነው ብላ የያዘችው መስመር፣ እሱ እንዳይመለስ ፈርቶ ያሰመረው ነው።

"ስለ እኔስ ምን አለ?" ብላ ጠየቀች። ድምጿ እንደ ሕፃን ድምፅ ሆነባት።

ወይዘሮ መሪየም ጉልበታቸውን አሹ። "እኔ፣ ዝቅ ካለ ጀሪካን አይገባም አልሁት። 'ጀሊላ በጣሳ ትሞላዋለች' አለኝ። 'ሳትጠይቃት?' አልሁት። 'ትቆጣለች፣ ግን ትሞላዋለች' አለና ሳቀ።"

ጀሊላ ተቆጣች። ከምሯ ተቆጣች። እዚያ ሆኖ፣ ይኑር አይኑር ሳይታወቅ፣ እሷን እንዲህ አድርጎ እንደ ኪሱ ማወቁ አናደዳት። ቢኖር ኖሮ ትጣላው ነበር። በሩን ዘግታ፣ አማቷ እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አንድ በአንድ ትነግረው ነበር። የሚጣሉት ሰው እንዲህ ሊናፍቅ እንደሚችል ማንም አልነገራትም። ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጫን አደረገች፤ ስታነሣው ዘይነት ጀሪካኑን ልትወጣበት ትታገላለች።

ልጅቱን አነሣቻት። ከዚያ የምታውቀውን ብቻ ይዛ አሰበች። ባሏ ይመጣ አይመጣ አላህ ያውቃል። የአማቷ ጉልበት ግን ዛሬ እዚህ ነው፤ ነገ ጎሕ ሲቀድ፣ ሱብሂ ሶላት ላይም እዚሁ ነው። እሷ እንደሆነች ሂጂ ብሏታል አባቷ፣ ብትሄጂ አልቀየምም ብለዋል አማቷ። ከእንግዲህ ብትጠብቀው ራሷ ፈቅዳ ነው፤ ምልክት ይዟት አይደለም።

"ጋሼ አንዳርጋቸው" ብላ ተጣራች። "ና፣ ተስማምተናል።"

"ወገብ ላይ?"

"ምልክቱ ላይ።"

"ጀሊላ" አሉ ወይዘሮ መሪየም።

"እማ፣ ይተዉኝ። ጣሳ አለኝ።"

አንዳርጋቸው ራሱን ነቀነቀና መሮውን አወጣ። ጭቃ ግድግዳ ሚስማር አይዝም፤ ስለዚህ ምርጊቱን ፈልፍሎ እስከ እንጨቱ ደረሰ፣ ቱቦውን በሽቦ ከማገሩ ጋር ጠፍሮ አሰረው። ጥርሱ ላይ ቃጫ ጠምጥሞ፣ ቃጫውን ቀለም አጠጥቶ፣ ቧንቧውን አጠበቀ። ከዚያ ውሃ ሲረጭ ጭቃውን እንዳይበላው ብሎ ዙሪያውን ሲሚንቶ ለበጠው፤ ከሥሩም ውሃው ወደ ቃሪያው መደብ እንዲሄድ ተዳፋት ሠራለት። ሲሚንቶው ከሰሉን ሲሸፍን ጀሊላ ቆማ አየች። ቆይ ልትለው አፏን ከፈተች፣ ግን አላለችም።

ሲሚንቶው እስኪደርቅ ጠበቁ። በማግስቱ መጥቶ ቆጣሪው ላይ ሲከፍተው ቧንቧው መጀመሪያ ሳል ብቻ አወጣ፣ ቀጥሎ ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። የቱቦው ማጠፊያ ትንሽ ውሃ አለቀሰ። አንዳርጋቸው እየተራገመ ፈታው፣ ቃጫ ጨመረበት፣ መልሶ አሰረው።

ወለተ ኪዳን በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። "እልል ልበል ብዬ መጥቼ ነበር። የዶሮ ነው እንዴ?"

"የእማ ነው" አለች ጀሊላ።

"እስቲ ቅጂበትና ልይሽ።"

ጀሊላ ቁጢጥ ብላ ጣሳውን ከቧንቧው ሥር አደረገች። ሞላች፣ ገለበጠች፣ ሞላች፣ ገለበጠች። ጀሪካኑ ግማሽ ሳይደርስ ወገቧ ነገራት። ወለተ ኪዳን እስከ መጨረሻው ቆማ አየችና፣ "ቦኖ ላይ ድንጋይሽን እኔ እወርሰዋለሁ" ብላ ሄደች።

በዚያው ሳምንት ወደ ወረታ የሚሄድ ሰው ተገኘ። ጀሊላ ለአባቷ መልሷን ሰጠችው። "ቧንቧው ተገጥሟል፤ ያለእኔ ጀሪካን አይሞላም በላቸው" አለችው። ሰውየው ነገሩ ሳይገባው ሁለት ጊዜ አስደግሟት አጠናው። አባቷ ግን እንደሚገባቸው ታውቃለች።

አሁን ሱብሂ ላይ ከቤቱ ሁሉ ቀድመው የሚነሡት ወይዘሮ መሪየም ናቸው። የጀሊላ መኝታ ያንኑ ግድግዳ ተጠግቶ ነው የተዘረጋው። በርጩማዋ መሬት ለመሬት ስትጎተት ትሰማለች። ቀጥሎ ቧንቧው ይከፈታል። እጅ ይታጠባል፣ አፍ ይጉመጠመጣል፣ ውሃው ክንድ ላይ ወርዶ ሲሚንቶውን ይመታል። ማን እንደተቀመጠ አሳምራ ታውቃለች። ቢሆንም ዘይነትን ወደ ራሷ ታስጠጋና ዓይኗን ሳትገልጥ ትቆያለች፤ ከግድግዳው ማዶ የሚታጠብ ሰው እስካልተናገረ ድረስ ማንም ሊሆን ይችላልና። አማቷ እግራቸውን አጥበው ሲጨርሱ፣ ለመነሣት ግድግዳውን ሲይዙ፣ ሁልጊዜ ያስላቸዋል። ያን ጊዜ ጀሊላ ተነሥታ ጣሳዋን ይዛ ትወጣለች።

አንዳንድ ቀን ሳሉ ይዘገያል።